ሃያ ሰባት ደቂቃ

ከኤምሪስ ፓውል ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቦታው ኒውካስል፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ካሪንግተን ሰፈር ያለው የሮስ ዳገን የዚንክ መቀቢያ ቤት ነበር። እሱ ብሎን ተሞልተው ገንዳ ውስጥ በሚሽከረከሩት በርሜሎች ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ መስኮቷ ወደ ገንዳዎቹ በምታይ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ። ሥራዬ ከገንዳው እየቀዳሁ ሲያናይዱንና ዚንኩን መለካት፣ ቅቡ ምን ያህል እንደወፈረ መመርመር፣ ዕቃው ሲወጣም የምስክር ወረቀቱን መፈረም ነበር። ስሜ ግሌኒስ ይባላል። ይህን የምናገረው ከፈረምኳቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ነው።

ኤምሪስ በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ አባቱን ተከትሎ የከሰል ጉድጓድ የወረደ፣ ሳንባው ሲያስቸግረው ደግሞ ወደ እኛ የመጣ ሰው ነው። ሂሳቡን የተማረው በፖስታ በሚላክ ትምህርት ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሌላው ቀቢ በዓይኑ ገምቶ በርሜሉን ይሞላል፣ ከረንቱን ይለቅቃል፣ ሲያብረቀርቅለት ያወጣል። ኤምሪስ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። አንድ ኪሎ ይመዝንና ብሎኖቹን ይቆጥራል። ከዚያ አንዷን አንስቶ ጭንቅላቷን፣ ወገቧን፣ ጥርሷን በካሊፐር ይለካል፤ ከዕቃ ማሸጊያ በተቀደደ ካርቶን ላይ በእርሳስ ያሰፍራል።

«ዚንክ ኪሎ አያውቅም» አለኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ዚንክ የሚያውቀው ቆዳ ነው። ስልሳ ኪሎ ትልቅ ብሎንና ስልሳ ኪሎ ደቃቅ ብሎን ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ገንዳ ውስጥ ግን የደቃቁ ቆዳ ሦስት እጥፍ ነው። ለሁለቱም እኩል አምፔር ከሰጠሽ አንደኛው ካፖርት ለብሶ፣ ሌላው በካናቴራ ይወጣል።»

ስልሳው ኪሎ አራት ነጥብ ሁለት ካሬ ሜትር ቆዳ ካለው፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሰማንያ አምፔር ይሰጥና ከረንቱን ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ያቆመዋል። ደቂቃውን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ስምንት ሺኛ ለማልበስ አርባ አራት ደቂቃ። እኔም በጎን አሰላሁና ሠላሳ አምስት መጣልኝ።

«ልክ ነሽ፤ ግን ረስተሻል» አለኝ። «ከምትለቂው ከረንት ዚንክ የሚሆነው ከመቶ ሰማንያው ብቻ ነው።»

«ሃያውስ የት ይገባል?»

«ሃይድሮጂን ይሆናል። አብዛኛው አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጥቂቱ ግን ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ለስላሳ ብረት ጉዳዩም አይደለም። ጠንካራውን ግን እንደ ብስኩት ያደርገዋል። ዕለቱን አይደለም። ጭነቱን ተሸክሞ ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቀን ቀጭ ይላል።»

መድኃኒቱ ምድጃ ነው። ጠንካራ ብሎን ከገንዳ በወጣ በአራት ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ የጋለ ምድጃ ገብቶ ስምንት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ሃይድሮጂኑ የሚወጣለት ያኔ ነው። ሲዘገይ ግን ምድጃውም አያድነውም።

የበርሜሉ ልጆች ይቀልዱበታል። «ፕሮፌሰር፣ ሻይህን በስንት አምፔር ላፍላልህ?» ሲሉት «አንተ ያፈላኸውን ሻይ አምፔርም አያድነው» ብሎ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 ነሐሴ ወር፣ ከባሕሩ የሚነፍሰው የክረምት ነፋስ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ጭነት ገባ፤ ስድስት መቶ ኪሎ ብሎን፣ ከሁሉም የጠነከረው ዓይነት። ወደብ ላይ ዕቃ ማንሻ አግዳሚ ብረት ከጣሪያው ጋር የሚያያዝበት ነበር። ብሎኑን በእሳት የሚያጠነክሩት ሰዎች አዘግይተውት ኖሮ፣ ለዓርብ ረፋድ መድረስ አለበት ተባለ።

ሮስ ካርቶኑን እያየ ከኤምሪስ አጠገብ ቆመ። ሮስ ቤቱን ከአባቱ የወረሰ፣ በማንም ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው። ለገና ለእያንዳንዳችን የአሳማ ታፋ ይሰጠናል፤ የልጆቻችንን ስም ያውቃል።

«ስንት ደቂቃ ትፈልጋለህ ኤም?»

«አርባ አራት።»

«አሥር በርሜል እኮ ነው! ያለን ጊዜ ደግሞ ከምሳ እስከ መውጫ ሰዓት ነው። ግማሽ አድርግልኝ።»

«ዳቦ መሰለህ እንዴ የምቆርስልህ?»

«ኤም፣ ሰዎቹን ካሳፈርናቸው ሁለተኛ በራችንን አይረግጡም። የምትችለውን አድርግ።»

ኤምሪስ ካርቶኑን ገልብጦ ጻፈ። ከረንቱን በእጥፍ፣ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት አደረገው። የእኛ ገንዳ ከረንት ሲበዛበት ይሰንፋል፤ ከመቶው ስልሳ አምስቱ ብቻ ነው ዚንክ የሚሆነው። ያም ሆኖ ሃያ ሰባት ደቂቃ መጣለት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበትና ካርቶኑን ለሮስ ሰጠው።

«ሃያ ሰባት ይሆናል። ግን ደህና አድርገህ ስማኝ። ቀድሞ በከንቱ የሚሄደው ስልሳ ሰባት አምፔር ነበር። አሁን ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ነው። ሰዓቱ ቢያጥርም ሲባዛ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ያ ሁሉ ሃይድሮጂን ነው። ምድጃ ሳይገባ ከዚህ በር እንዳይወጣ።»

«የኛ ምድጃ ሽቦው ተቃጥሏል፤ አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ምድጃ ላላቸው ለሜይፊልዶቹ ደውያለሁ። ዛሬ ማታ ቦታ አላቸው። ሲያልቅ ጭኜ እወስደዋለሁ።»

«አንተ ምን አደከመህ፣ እኔ በፒካፑ አደርሰዋለሁ» አለ ሮስ። ተጨባበጡ። በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ።

ኤምሪስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከበርሜሎቹ አልተለየም። በርሜሉ ውስጥ ብሎኖቹ እየተገለባበጡ የሚያሰሙት ድምፅ ድፍን ቀን ጆሮ ላይ ይቀራል። የመጨረሻው በርሜል ሲወጣ ለካሁ፤ ስምንት ነጥብ አንድ ማይክሮን። «ፕሮፌሰር፣ አንድ አሥረኛ ተሳስተሃል» አልኩት። ሊስቅ ሲል ለስልክ ተጠራ። ኩላሊቷን የምትታከመው ሚስቱ ማርጌድ ሆስፒታል ውስጥ ራሷን ስታለች። እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ብሎኖቹ ያሉባቸውን ትሪዎች ጥግ ላይ ደረደረ፤ በእያንዳንዱ ላይ «ምድጃ አልገባም» የሚል ቀይ ካርድ በሽቦ አሰረ።

«ሮስ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ።»

«ገባኝ፤ ሂድ። ሚስትህ ጋ ሂድ።»

በማግስቱ ስገባ ትሪዎቹ እዚያው ጥግ ላይ ነበሩ። የጭነት መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ሮስ ወረቀቱን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው መጣ።

«ሜይፊልድ አድረው መጡ» አለኝ። «ስምንት ሰዓት ብለሽ ሙዪው።»

በመስኮቱ አየሁ። ቀይ ካርዶቹ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። የኤምሪስን የሽቦ ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዙር ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። አንዱም አልተፈታም። ወረቀት የታሰረበት ትሪ ደግሞ ምድጃ አይገባም። ሮስ ፊቴን አላየም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ምን ሆኖ እንደቀረ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። በኋላ እንደሰማሁት የልጁ ልደት ነበረና ለአንድ ሰዓት ብሎ ወደ ቤቱ ጎራ ብሎ በዚያው ቀረ።

ስልኩ እጄ ሥር ነበር። ሜይፊልድ መደወል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሆስፒታል ደውዬ ኤምሪስን ማስጠራትም እችል ነበር። ማንም አላስፈራራኝም፤ እንጀራሽን ታጪያለሽ ያለኝ የለም። ዓርብ ነበር፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ያንን ደግ ሰው ውሸታም ማለት አፈርኩ። በቃ ይኸው ነው። «ስምንት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሮስ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ኤምሪስ ሰኞ ሲመጣ ትሪዎቹ ባዶ ነበሩ። «ሄደ?» አለኝ። «ሄደ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀም። ሮስ ጨብጦት ነበርና አመነ።

ብሎኖቹ ወደብ ላይ በታሰሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ሳለን ሬዲዮው ተናገረ። ወደብ ላይ የዕቃ ማንሻው አግዳሚ ብረት ወድቆ ዳንኮ ሪስቴስኪ የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት መካኒክ ገድሏል። ብረቱ ዕቃ አላነሳም ነበር፤ የተሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ልጁ ሻዩን ይዞ ከሥሩ ሲያልፍ ነው የደረሰበት። ብረቱን ያሰሩት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተገኝቷል።

ኤምሪስ የሥጋ ፓዩን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ፤ ተከተልኩት። የምስክር ወረቀቶቹን ቅጂ ከመደርደሪያው አውጥቶ ያንን ገጽ አገኘው።

«ሜይፊልድ ሄዶ ነበር?»

«ሮስ ሄዷል ብሎኝ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«ካርዶቹ እንደታሰሩ ነበሩ» አልኩ።

ቢጮኽብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ በወረቀቱ ፊቴን ቢለኝ ደስ ባለኝ። ገጹን ወደ ቦታው መልሶ መሳቢያውን ዘጋ። ከዚያ ከገንዳዎቹ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣም። በርሜል አላስነሣም፤ አስነሣ ያለውም ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ የሞቱን ምክንያት በሚመረምር ዳኛ ፊት የቀረበው በሚቀጥለው መጋቢት ነው። የወደቡ ሥራ ተቋራጭ ጠበቃ ጥፋቱን ወደ ሟቹ ለማዞር ቆርጦ ነበር የመጣው፤ ብሎኖቹን ያሰራቸው ራሱ ዳንኮ ነው፣ ከመጠን በላይ አጥብቆ በጠሳቸው፣ የሚል ነው ክርክሩ። እናቱ ወይዘሮ ስቶያንካ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ እያንዳንዱን ቃል በመቄዶንያ ቋንቋ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። «አጥብቆ በጠሳቸው» የሚለው ሲነገራቸው መሀረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ኤምሪስ ለቀብር የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ ምስክርነት ቆመ። ካርቶኑን ይዞት መጥቷል።

«ብሎን ከመጠን በላይ ቢጠብቅ አይበጠስም?» አለው ጠበቃው።

«ይበጠሳል። ግን ያኔውኑ ነው የሚበጠሰው፣ መፍቻው እጅህ ላይ እያለ። ተስቦ፣ እንደ ማስቲካ ቀጥኖ። ይሄ ዐሥራ ሁለት ቀን ቆሞ ነው የሄደው። ሳይሳብ፣ ሳይቀጥን። ሃይድሮጂን ነው። ልጁ ልክ አድርጎ ነው ያሰረው።»

ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ቆዳውን፣ አምፔሩን፣ ደቂቃውን፣ በከንቱ የሄደውን። ዳኛው ቀስ እንዲል ለምነው ጻፉ።

«ወረቀቱ ግን ስምንት ሰዓት ምድጃ ገብቷል ይላል» አሉት ዳኛው።

«አልገባም።»

«ታዲያ የላቦራቶሪዋ ሴት ለምን ጻፈችው?»

«ገብቷል ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ» አለ ኤምሪስ። «እሷ የተነገራትን ጻፈች። ከረንቱንም በእጥፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሚሆነውን እያወቅሁ ትቼው ሄድኩ።»

ሮስ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ጫማውን ያያል። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። መጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ማልኩ። ዳኛው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «አቶ ፓውል እንዳሉት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ዳንኮ ሪስቴስኪ ጥፋት እንደሌለበት ተወሰነ። ጥፋቱ የቀቢው ቸልተኝነት ነው ተባለ። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ግን ጋዜጣው ስሙን አወጣው። በዚያው ሳምንት ሮስ አሰናበተው፤ ዐይኑን ሳያየው፣ በደብዳቤ። በሰፈሩ የመጠጥ ክለብም አብረውት ቢራ የሚጠጡት የወደብ ሰዎች ሲገባ ጀርባቸውን ሰጡት።

ውሳኔው የተሰጠ ዕለት ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወይዘሮ ስቶያንካ የኤምሪስን እጅጌ ያዙት። በተሰባበረ አነጋገር «ልጄ አላጠፋም?» አሉት።

«አላጠፋም እናቴ። ልጅዎ ሥራውን በሚገባ ነው የሠራው።»

ለአፍታ እጅጌውን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ለቀቁትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ወደ ኤምሪስ ቤት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጓሮ ነበር፤ ለማርጌድ ባቄላ እየተከለ። ውሃ ጠጪ እንኳ አላለኝም።

«ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት። «እውነቱን ብትናገር ኖሮ…»

«አንቺን ብዬ እንዳይመስልሽ» አለ ሳይነሣ። «አንቺ ፈረምሽ፣ ሮስ ዋሸ፣ እኔ ትቼ ሄድኩ ብዬ ብጀምር፣ ጠበቆቹ ያቺን ወረቀት ሁለት ዓመት ያኝኳታል። ማን አለ፣ ማን ሰማ፣ ማን አየ እየተባለ። እስከዚያ ያ ልጅ መቃብር ውስጥ ሆኖ ብሎን የማያስር ሰነፍ እየተባለ ይቆያል። እናቱን አየሻት? አጭሩን መንገድ ሰጠኋቸው፤ በቃ።»

«ኤምሪስ፣ ይቅርታ…»

«ባቄላዬን እየረገጥሽው ነው።»

እግሬን አነሣሁ። እንደገና ቀና አላለም።

የሮስን ቤት ለቀቅሁ። ለዳኛው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እውነቱ ይኸና ይኸ ነው፣ በመሐላ ዋሽቻለሁ ብዬ። ከአንድ ወር በኋላ አራት መስመር መልስ መጣ፤ ደብዳቤሽ ደርሶናል፣ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል፣ ጉዳዩ ግን ተዘግቷል። አንድ ሰው መጥቶ እንኳ አልጠየቀኝም። እንዲያስሩኝ ነበር የፈለግሁት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ሃሚልተን ሰፈር፣ ወይዘሮ ስቶያንካ ዘንድ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ አስገቡኝ። በእነሱ ወግ በትንሽ ሳህን የበለስ ማርማላታና ብርጭቆ ውሃ አቀረቡልኝ። ማንኪያውን ሳላነሳ ነገርኳቸው። የገባቸው አልመሰለኝምና ደገምኩት፤ ሽቦው አልተፈታም ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ እያየሁ ፈረምኩ።

«ሽማግሌው አንቺን ሸፈነ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ እጄን ጠረግሁበት» አሉ። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የዳንኮ ፎቶግራፍ አዩ። ከዚያ ሳህኑን ከፊቴ አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱት፤ ተመልሰውም በሩን ከፈቱልኝ። «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ» አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ኤምሪስ ቤት እንደሄዱ የሰማሁት ከማርጌድ ነው። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ ግን አታውቅም፤ ጓሮ ነበሩና።

ኤምሪስ በሁለተኛው ክረምት በሳንባው ሕመም ሞተ። ቀብሩ ላይ የተገኘነው ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ቆጠርኩ። ሮስ ቀደም ብሎ ቤቱን ሸጦ ወደ ሰሜን ሄዷል። ከወደብም ከክለቡም የመጣ አልነበረም። ወይዘሮ ስቶያንካ ግን መጥተው ከማርጌድ ጎን ተቀመጡ። ሲያልቅም በጨርቅ የተሸፈነ ምግብ አስረክበዋት፣ ጉንጯን ስመዋት ወጡ።

ዝናቡ እየከበደ ነበር። መኪናዬን አስነሥቼ ስወጣ ጥላ ሳይዙ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው አየኋቸው። አጠገባቸው ቆምኩና መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ልሸኝዎት፣ ይበሰብሳሉ» አልኳቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ደግሜ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

መንገዱን ተሻግሬ ትይዩ አቆምኩ። አውቶቡሱ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እዚያው ቆመው፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ ጠበቅን። ሲመጣ ሾፌሩ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው፤ አውቶቡሱም ሄደ።